ባለ ጐማው ቤትና ባለቤት ያጣው ውሻ

(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ቤት ነው። ነገር ግን መሠረቱ በድንጋይ ስለ ተጣለ፥ ጣራውም በቆርቆሮ ስለ ተከደነ ቤት አይደለም። በጐማ ላይ ስለ ቆመ፥ ባለቤቱም መሪውን ጨብጦ ወደ ወደደው አገር ስለሚነዳው ቤት፥ በዚያም ቤት ውስጥ ከጌታው እግር ሥር ተኝቶ ስለሚጓዝ አንድ ውሻ ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተነሣ የሚመስለው አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እስከ ፍጻሜው ብትታገሡኝ፥ ጉዳዩ የእያንዳንዳችንን ደጃፍ የሚነካ ሆኖ እንደምታገኙት ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ወር በ22 ቀን፥ የበዓሉ ዕለት ስለ ነበረ፥ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ወደ ካዛንቺስ ሳቀና፥ በመንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጠጋ ብዬ ብመለከት፥ የጭነት መኪና የሚያህል ነገር ግን መስኮትና መጋረጃ ያለው አንድ ተሽከርካሪ ቆሟል። በሩ ተከፍቶ ስለ ነበረ ውስጡ በግልጽ ይታያል። አልጋ አለው፤ የምግብ ማብሰያ ምድጃ አለው፤ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው፤ በጣራውም ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ ተዘርግቶበታል። በደረጃው ላይ ፊቱ የሸበተ አንድ ሽማግሌ ውሻ ተኝቷል። ባለቤቶቹም በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት፥ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

ሰውየው በጠየቅሁት ጊዜ በትሕትና መለሰልኝ። እርሱም እንደ እኔና እንደ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ፥ ዕድሜውን በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ ያሳለፈ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ ጊዜ ቤቱን ሸጦ ይህን ተሽከርካሪ ገዛ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ቤት የለውም። ወደ አገራችን የገባው ከኬንያ በሞያሌ በኩል ነው። ከዚህ ወደ ሱዳን፥ ከሱዳንም ወደ ግብጽ ለመሻገር ተመኝቶ ነበር፤ ነገር ግን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያ ጥንታዊ መንገድ ለእንደ እርሱ ላለ መንገደኛ የማይታሰብ ስለ ሆነበት ወደ መጣበት ሊመለስ ቈርጧል።

ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ወጣት፥ «እንግዲያው እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም ማለት ነዋ!» አለ። አጠገቡ የነበሩ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ግን፥ «ቤቱስ ይኸውና ልጄ፤ የሌላቸው ጎረቤት ነው» ብለው መለሱለት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልጠፋም።

እንዲህ ስንነጋገር የሰፈራችን ውሻ፥ ስሙ መቻል የሚባለው፥ ጅራቱን እየቈላ ወደ ሽማግሌው ውሻ ቀረበ። ወዲያው ባለ መኪናው ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሁለቱ መካከል ቆመና፥ «ይህ ውሻ የማን ነው? ተከትቧልን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፥ «የማንም አይደለም» አልሁት።

ክቡራን አድማጮች፥ በዚያ ሰዓት የተናገርሁት እውነት አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ስለ ነገሩ መሠረት ጥቂት ልበል።

ተንቀሳቃሽ ቤት ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። ከተማ የምንለው ቃል ራሱ ከተመ፥ ማለት ሰፈረ፥ ከሚለው የወጣ ነው። ዛሬ ከተማ ስንል አስፋልትና ፎቅ ይታየናል እንጂ፥ በቀድሞው ዘመን ንጉሡ ድንኳኑን የተከለበት ሁሉ ከተማ ይባል ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. (እንደ አገራችን አቈጣጠር) በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ያ ታላቅ ሰፈር ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር አይቶ ጽፏል። ድንኳኑ ሁሉ በየማዕርጉ የታወቀ ቦታ ስለ ነበረው፥ ሰፈሩ በየትኛውም ሜዳ ቢያርፍ ሰው የጎረቤቱን ድንኳን ፈልጎ አያጣም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን፥ ታቦቱም በካህናት ትከሻ ይጓዝ ነበር። በሰንሰለት የታሰሩ አንበሶች ሳይቀሩ ከንጉሡ ሰፈር ጋር ይሄዱ እንደ ነበረ ይኸው ጸሐፊ መስክሯል። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ነው ጽኑ መቀመጫ የለመድነው። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ከማሠራታቸው በፊት ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲዛወር የቈየ ነበር።

የሲራራ ነጋዴንም አንርሳ። እርሱ ዓመቱን በመንገድ ላይ ሲያሳልፍ ጓደኛው በቅሎው ነበረች። የአፋር አርብቶ አደርም የቤቱን ዘንግና ሰሌን በግመል ጭኖ ሣርና ውሃ ወዳለበት ይሄዳል፤ በደረሰበትም ቤቱን መልሰው የሚያቆሙት ሴቶቹ ናቸው። በዛሬውም ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚመላለሰው ሾፌር፥ ከመቀመጫው በስተኋላ ባለው ጠባብ አልጋ ተኝቶ፥ ሻዩን ከረዳቱ ጋር በመንገድ ዳር አፍልቶ የሚኖር የጐማ ላይ ነዋሪ ነው። የምንለብሰውና የምንጠቀምበት አብዛኛው ዕቃ የሚደርሰን በእነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ማጣት መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስበውም።

መኪናንና ውሻን በአንድነት ካነሣን ደግሞ፥ ወደ አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያዪቱ መኪና ታሪክ ትዝ ሊለን ይገባል። ቤድ ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ለአጼ ምኒልክ አምጥቷል። በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ እስከ ዋና ከተማችን ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ አልነበረም፤ የምድር ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ በዚያ በረሃና አቀበት ከሾፌሩ ሌላ ቤንትሌን የተከተለው አንድ አፉ ደፍጣጣ የእንግሊዝ ውሻ ነበረ። እንግዲህ በኡራኤል ያየነው መንገደኛ ለከተማችን የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከእንስሳ ጋር በመንገድ መኖር ደስታ ብቻ አይደለም፤ ግዴታም አለበት። መንገደኛው አንድ ወፍራም መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ መካከል ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፥ ገጹን ስገልጥ ወደ ቀድሞ ሥራዬ የተመለስሁ መሰለኝ። የውሻው ነው። የክትባቱ ቀን፥ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም፥ ከቈዳው ሥር የገባችው የመታወቂያ ቅንጣት ቍጥር፥ ሁሉም በየተራው ተጽፎበታል። ውሻውን ከእንደ እኛ ካለ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለማስገባት፥ ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ቈይቶ ደሙ መመርመር አለበት፤ ደሙ ከተቀዳበትም ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። እኔ በሆዴ፥ «ለአንድ ውሻ ይህን ያህል ጽሕፈት!» አልሁ። ኋላ ግን ምክንያቱን ባሰላስለው ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱም ይህ ነው። የውሻ በሽታ የምንለው ደዌ፥ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ያለ ረቂቅ ተሐዋሲ በንክሻ አማካይነት ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚመጣ ነው። ተሐዋሲው በነርቭ በኩል ወደ አንጐል ይጓዛል፤ ለዚህም ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ ደዌ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም ውስጥ ከመቶ 99 እጅ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። አገራችንም ይህ ደዌ ጠንክሮ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ጀምሮ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ደዌ የሚሞት ሰው የሚሞተው ጥበብ ጠፍቶ ሳይሆን፥ ወይ መድኃኒቱ በጊዜ ሳይደርሰው ቀርቶ፥ ወይ ነገሩ በቸልታ ታልፎ ነው።

ስለዚህ አድማጮቼ ይህን አንድ ምክር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር፥ ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መቀበል ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማለፍ አይገባም። በቍስሉ ላይ ቅጠል ለጥፎ መቀመጥም አይበቃም።

የዚህ ደዌ ጉዳት በሰው ብቻ አይወሰንም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም፤ ቍጥሩም ዛሬ ከአምስት መቶ የሚያልፍ አይደለም። በ1995ና በ1996 ዓ.ም. መካከል ከውሾች የተላለፈው በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ ገና ተመልሶ መጣ። ከዚህ የተነሣ የቀይ ቀበሮ ጠባቂዎች ከ2010 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ለቀበሮዎቹ ማቅረብ ጀምረዋል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶቻችን። ውሻውን ሳያስከትብ በዚያ ተራራ የሚያልፍ መንገደኛ፥ ከእርሱ በኋላ የሚገባውን ጥፋት ቀዳጅ እርሱ ነው።

ከእንስሳ ጋር የሚጓዝ ደዌ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ ባስገባቸው ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ ከአገራችን ከብት ከመቶ ዘጠናውን እጅ ያህል ጨርሶ፥ አራሹን ያለ በሬ አስቀርቶ፥ ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራውን ረኃብ አስከተለ። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተረጋገጠው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በድንበር ላይ የሚጠየቀው ያ ወፍራም መዝገብ የጸሐፊዎች ሥራ ማብዣ ሳይሆን፥ በመቃብር ላይ የተጻፈ ትምህርት ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ይበልጡን ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባችን ተነሥቶ ወደ አዋሽ ቈላ የሚወርድ ሰው፥ የራሱን መኪና እንደ ጥላ ይቈጥረዋል። ነገር ግን መስኮቱ ተዘግቶ በፀሐይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ምሳ ለመብላት ብሎ እንስሳውን ቈልፎበት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ሬሳ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መቻል ልመለስ።

የሰፈራችን ስም ካዛንቺስ የተባለው ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ ኢንቺስ የሚባለው የኢጣልያ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት በዚያ ቤቶችን ሠርቶ ነበር። ካዛ ማለት በቋንቋቸው ቤት ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ስም ራሱ «የመንግሥት ሠራተኛ ቤት» ማለት ነው። በዚያ ስም ሥር እኛም የእኛው አገር ሠራተኞች ተወልደንበታል፥ ድረንበታል፥ ቀብረንበታል። በ2017 ዓ.ም. ከተማዪቱን እንደ ገና ለመሥራት ሲባል ብዙው ክፍሉ ፈርሶ ጎረቤቶቻችን ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ደምቋል። ይሁን እንጂ ቤት ሲነሣ ዕቃው ብቻ አይደለም የሚበተነው።

ከእኔ ቤት በሦስተኛው አጥር ይኖር የነበረ አንድ ባልንጀራዬ፥ እርሱም ጡረተኛ ነው፥ በዚያ ጊዜ ወደ ከተማው ዳርቻ በፎቅ ላይ ወዳለ ጠባብ ቤት ገባ። መቻል የእርሱ ውሻ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሚስቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ዕቃው በተጫነ ዕለት ወደ ቤቴ መጥቶ፥ «ወንድሜ፥ በዚያ ፎቅ ላይ ውሻ ማኖር አይቻለኝም። አጥር እንጂ ደረጃ የማያውቅ እንስሳ ነው። አደራህን፥ ፍርፋሪ አትንሣው» አለኝ። እኔም፥ «አደራህ ተቀብያለሁ» ብዬ መለስሁለት።

መጀመሪያ ጥቂት ወራት አደራዬን ጠበቅሁ። ቀጥሎ ግን አንድ ቀን ረሳሁ፤ ሁለት ቀን ረሳሁ። ውሻው የቀድሞው አጥር በነበረበት ስፍራ፥ ዛሬ የእግረኛ መንገድ በተነጠፈበት ላይ፥ ሁልጊዜ ማታ ፊቱን ወደ ሌለው በር አዙሮ ይተኛ ነበር። እኔም በዚያ ሳልፍ እንዳላየ ሰው ማለፍን ለመድሁ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ መቻል ግን ባልበላበትም ስፍራ ሲጠብቅ ኖረ። እንግዲህ ያ የውጭ አገር ሰው «የማን ነው?» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ «የማንም አይደለም» ያልሁት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ስሙን አውቃለሁ፤ ባለቤቱን አውቃለሁ፤ አደራውን የተቀበልሁትም እኔው ነኝ።

ያ መንገደኛ ቤቱን ሸጧል፤ ውሻውን ግን አልሸጠም። አገር ለአገር ሲዞር፥ አጥር ሳይኖረው፥ የማን እንደ ሆነ የተጻፈበትን መዝገብ ይዞ ይዞራል። እኔ ደግሞ አጥር ያለኝ፥ በር ያለኝ፥ ከስፍራዬ ያልተናወጥሁ ሰው፥ በደጄ የተኛውን የማንም አይደለም አልሁ። ታዲያ ከሁለታችን ቤት የሌለው ማን ነው? የእኚያን እናት ቃል መልሼ ባስበው ለእኔም የሚሆን ሆኖ ተሰማኝ። ቤቱስ ይኸውና፤ የጠፋው ጎረቤትነት ነው።

በማግሥቱ መቻልን በገመድ ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት። ተከተበ፤ ወረቀትም ተጻፈለት። ጸሐፊው፥ «የባለቤቱ ስም?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥቂት ዘግይቼ የራሴን ስም ሰጠሁ። ከዚያም ለባልንጀራዬ ስልክ ደወልሁለትና ያደረግሁትን ሁሉ፥ ጥፋቴንም ጭምር፥ ነገርሁት። ለጊዜው ዝም አለ። ቈይቶም፥ «እሑድ እመጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ቡና እንጠጣለን፤ መቻልም በሁለታችን መካከል ይተኛል።

ክቡራን አድማጮች፥ የመንግሥት ሠራተኛ ዕጣው ዝውውር ነው። ዛሬ በዋና ከተማ፥ ነገ በአውራጃ፥ ከነገ ወዲያ በጡረታ ቤት እንገኛለን። ከተማችንም ስታድግ ሰፈር መነሣቱ አይቀርም። እንግዲህ መንቀሳቀሱን ልናስቀረው ካልቻልን፥ ስንንቀሳቀስ ምን ይዘን እንደምንሄድና ምን ጥለን እንደምንቀር ማሰብ ግን ይቻለናል። ዕቃ ስትጭኑ ዝርዝር እንደምታዘጋጁ ሁሉ፥ በዚያ ዝርዝር ላይ በግቢያችሁ ያለውን እንስሳ አንድ መስመር ስጡት። ይዛችሁት መሄድ ባትችሉ አስከትባችሁ፥ ለታመነ ሰው በስም አስረክቡት። የተረከባችሁም እንደ እኔ አትዘንጉ። ባለቤት ያጣ ውሻ ዛሬ ለራሱ የሚያሳዝን፥ ነገ ለሕፃናት የሚያሰጋ ነውና።

ያ ባለ ጐማ ቤት ከኡራኤል ከተነሣ ቈይቷል። ሲነሣ ሰውየው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፥ «ለዚያ ውሻ ባለቤት ተገኘለትን?» ሲል ጠየቀኝ። በገመድ የያዝሁትን መቻልን አሳየሁት። እጁን አውለብልቦልኝ በመስቀል አደባባይ በኩል ሄደ።